በቅርጫቷ ውስጥ ምን አለ? ፋሺዝምን ስለታገሉ የአውሮፓ ሴቶች የተጻፉ ልብ ወለዶችን ስለ ማንበብ

ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በእንግሊዝኛ ከታተሙ ታሪካዊ ልብ ወለዶች መካከል አንድ ዓይነት ሽፋን ሳታዩ አልቀራችሁም። ጀርባዋን የሰጠች ሴት፣ ረጅም ካፖርት፣ በእጇ ትንሽ ሻንጣ፣ ከፊት ለፊቷ የአውሮፓ ከተማ መንገድ፣ በሰማዩ ላይ የጦር አውሮፕላን። ታሪኩም ከሽፋኑ ብዙ አይርቅም። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ አገሯ ተወርሯል፤ እስከ ትናንት ተራ ሰው የነበረችው ሴት ዛሬ መልእክት ታደርሳለች፣ ሰው ትደብቃለች፣ ድንበር ታሻግራለች። እነዚህ መጻሕፍት ብዙ ገዢ አላቸው። ከመካከላችንም ብዙዎች ወይ ከጓደኛ ተውሰን፣ ወይ ለኮርስ ታዘን፣ ወይ ባቡር ላይ በጆሯችን እየሰማን አንዱን ጨርሰናል።

ስለ እነሱ ስንነጋገር ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንዱ «የፍቅር ታሪክ ነው፤ ጦርነቱ ማጀቢያ ነው» ብሎ ይንቃቸዋል። ሌላው ያነበበውን ሁሉ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ያምናል። እኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር ያልፉታል ባይ ነኝ። ፋሺዝምን የታገሉት ሴቶች ትልቁ መሣሪያቸው ጠላት ከቁብ ሳይቆጥራቸው ማለፉ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከመዝገብ ያስቀራቸውም ያው ከቁብ አለመቆጠር ነው። ልብ ወለድ ይህን ክፍተት ለመሙላት ይመጣል። ሲሞላው ግን አንዳንዴ ሴቲቱ እንድትታይ ብሎ ሌላ ሰው ያደርጋታል። በዚህ ጽሑፍ ሁለት የአውሮፓ ልብ ወለዶችን ከእውነተኛው ታሪክ ጋር አስተያያለሁ፤ በመጨረሻም ነገሩ ለምን እኛንም እንደሚነካ እጽፋለሁ። ዓ.ም. ካልተጨመረባቸው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በልብስ ነው

ከጣሊያን ልጀምር። ሙሶሊኒ ሐምሌ 25 ቀን 1943 ከሥልጣን ተነሣ። መስከረም 8 ቀን ጣሊያን ከተባባሪዎቹ መንግሥታት ጋር የተኩስ አቁም ስምምነት ማድረጓ በይፋ ተነገረ። ጀርመን ወዲያውኑ የአገሪቱን ሰሜንና መካከል ያዘች። ሙሶሊኒንም ከእስር አውጥታ በሰሜን አዲስ የፋሺስት መንግሥት እንዲመራ አደረገችው፤ ይህ መንግሥት በተለምዶ የሳሎ ሪፐብሊክ ይባላል። የጣሊያን ሠራዊት ግልጽ ትእዛዝ ሳይደርሰው ተበተነ። ወደ 600,000 የሚጠጉ ወታደሮች በጀርመኖች ተማርከው ለጉልበት ሥራ ተጋዙ። ያመለጡት የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ በየገበሬው በር መቆም ጀመሩ።

በሩን የሚከፍቱላቸው አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። የባላቸውን ሱሪ፣ የወንድማቸውን ሸሚዝ፣ የልጃቸውን ኮት አውጥተው አለበሱዋቸው። የደንብ ልብሱን ቀበሩት ወይም ቀለም ነክረው ሌላ ነገር ሰፉበት። ይህን አድርጉ ያላቸው ፓርቲ አልነበረም፤ መሪም አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊዋ አና ብራቮ ይህን የጅምላ እናትነት ብላ ሰይማዋለች። የጣሊያን የትጥቅ ትግል ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተራራ ላይ ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ግን ከልብስ ሣጥን ተጀምሯል።

ወጣቶቹን ወደ ተራራ የገፋቸው ደግሞ የሳሎ መንግሥት የውትድርና ጥሪ ነው። የጥሪው ባለቤት ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጭፍጨፋው ሲጀመር ሥልጣኑን ይዞ የነበረው ያው ሰው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የገዛ አገሩን ልጆች ለጀርመን ወገን እንዲዘምቱ ይጠራ ነበር። የካቲት 18 ቀን 1944 የሳሎ መንግሥት ጥሪውን እንቢ ባለ ወይም በከዳ ሰው ላይ የሞት ቅጣት የሚያስወስን አዋጅ አወጣ። ልጆቹ ግን በዝተው ወደ ተራራ ወጡ።

ተራራ የወጣ ሰው ዳቦ ይፈልጋል። ጫማ፣ መድኃኒት፣ ጥይት፣ ወሬ ይፈልጋል። ለውትድርና የደረሰ ወንድ በመንገድ ላይ ከታየ ይያዛል። ሴት ግን በብስክሌት ከገበያ ስትመለስ ማንም ልብ አይላትም። ከጎመኑ ሥር ቦምብ፣ ከሕፃኑ ጋሪ ፍራሽ በታች በራሪ ወረቀት፣ በጫማዋ ውስጥ ትእዛዝ አለ። እነዚህን መልእክተኞች ጣሊያኖች ስታፌታ ይሏቸዋል። በአብዛኛው የጦር መሣሪያ ሳይታጠቁ ነበር የሚንቀሳቀሱት፤ ምክንያቱም ሥራው ራሱ የሚሳካው ምንም የማታውቅ መስላ ስታልፍ ነው። ከተያዘች የምትከላከልበት የላትም።

የቦሎኛዋ ኢርማ ባንዲዬራ ተይዛ ለሳምንት ያህል ተሠቃይታ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ተደብድባ፣ የማንንም ስም ሳትሰጥ ነሐሴ 14 ቀን 1944 ተገደለች። ቲና አንሴልሚ የ17 ዓመት ተማሪ ሳለች በባሳኖ ዴል ግራፓ ከተማ 31 ሰዎች በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ተሰቅለው አየች፤ ከዚያ በኋላ ስታፌታ ሆነች። ይህችው ልጅ በ1976 የጣሊያን የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነች። የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1978 በሕግ ሲቋቋም የጤና ሚኒስትሯ እሷ ነበረች።

ልብስ አጣቢዋ

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ልምጣ። ሬናታ ቪጋኖ በ1900 ቦሎኛ ተወለደች። ሐኪም ለመሆን ትመኝ ነበር፤ የቤተሰቧ ኑሮ ስለተናጋ ትምህርቷን ትታ ነርስ ሆነች። በጦርነቱ ጊዜ ባሏ የአርበኞች አዛዥ ነበር፤ እሷም በሮማኛና በኮማኪዮ ረግረግ አካባቢ ልጇን ይዛ በነርስነትና በመልእክተኛነት አገለገለች። በ1949 ያሳተመችው ልብ ወለድ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «አኜዜ ልትሞት ትሄዳለች» ቢባል ያስኬዳል። በዚያው ዓመት የቪያሬጆ ሽልማት ተሰጠው።

ርእሱ መጨረሻውን ስለሚናገር እኔም ብናገር አንባቢን አልጎዳም። አኜዜ በሽፋኖቹ ላይ ያለችውን ሴት በምንም አትመስልም። በዕድሜ የገፋች፣ ወፍራም፣ እግሯ የሚያብጥ፣ የሰው ልብስ በማጠብ የምትኖር ሴት ናት። ፖለቲካ የሚገባው ባሏ ፓሊታ ነው፤ እሱም በሽተኛ ነው። እሷ ቤት አንድ የሸሸ ወታደር ያድራል። ጠቋሚ ይጠቁማል፤ ጀርመኖች ፓሊታን ይወስዱታል፤ እሱም ሳይመለስ ይሞታል። አኜዜ ለአርበኞቹ ዕቃ ማድረስ ትጀምራለች። አንድ ቀን አንድ ጀርመናዊ ወታደር የፓሊታን ድመት ይገድላል። በዚያ ሌሊት አኜዜ የወታደሩን መሣሪያ አንሥታ ራሱን ትመታዋለች፤ ከዚያም ወደ ረግረጉ፣ ወደ አርበኞቹ ትሸሻለች።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆማል። ለድመት? ባሏን የገደሉት ጊዜ ዝም ብላ ለድመት? እኔ ግን ቪጋኖ ሥራውን በትክክል የምታውቅ ሰው መሆኗን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አኜዜ ከመጽሐፍ የተማረችው መፈክር የላትም። ከባሏ የቀራት ያቺ ድመት ናት። ከአቅም በላይ የሆነ ሐዘን በትንሿ ነገር በኩል ፈንቅሎ ሲወጣ ማየት ለለቅሶ ቤት ሰው አዲስ አይደለም፤ ለእኛም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው የመጽሐፉ ክፍል ውጊያ አይደለም። አኜዜ ትቀቅላለች፣ ታጥባለች፣ ትጠግናለች፣ ስንቅ ታከፋፍላለች፣ ብዙ ኪሎ ሜትር በብስክሌትና በእግሯ እየሄደች መልእክት ታደርሳለች። ወጣቶቹ እማማ ይሏታል። አዛዡ አንድ ነገር በደንብ ሠራሽ ሲላት ምን እንደምትመልስ ይጠፋታል። በመጨረሻ፣ በክረምት፣ ሰዎች ተይዘው በሚጣሩበት ቦታ አንድ ጀርመናዊ የበታች ሹም ያውቃትና ተኩሶ ይገድላታል። ፍርድ ቤት የለም፤ የስንብት ንግግር የለም። ይህ አጨራረስ ብዙዎችን ያስከፋል፤ እኔ ግን ታማኝ ነው እላለሁ። አኜዜን ስትሠራ ያዳናት አለመታወቋ ነበር፤ የገደላት መታወቋ ነው። ሙሉ መጽሐፉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሦስት ወር፣ ሦስት ግዳጅ

ታዲያ አኜዜ በሕይወት ብትተርፍ ኖሮ መንግሥት አርበኛ ይላት ነበር? ነሐሴ 21 ቀን 1945 የወጣው የጣሊያን አዋጅ «ተዋጊ አርበኛ» የሚለውን ማዕረግ ለማግኘት ያስቀመጠው ዋና መመዘኛ ይህ ነበር፦ ቢያንስ ሦስት ወር በታጠቀ ክፍል ውስጥ መቆየትና ቢያንስ በሦስት የውጊያ ወይም የአሻጥር ግዳጅ መሳተፍ። ለየት ያለ አገልግሎት ለሰጡ ሰዎች ሌላ መንገድ ቢተውም፣ መለኪያው የተሠራው ጠመንጃ በያዘ ወንድ ልክ ነው። በኩሽናዋ ስድስት ሰው የደበቀች፣ በብስክሌት መቶ ጊዜ ኬላ ያለፈች ሴት «ስንት ግዳጅ ላይ ተሳተፍሽ?» ስትባል ምን ትመልሳለች?

በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር 35,000 ሴቶች በተዋጊነት እንደታወቁ፣ ወደ 70,000 የሚሆኑ ደግሞ በኅዳር 1943 ሚላን ላይ በተመሠረተው የሴቶች መከላከያ ቡድኖች በሚባለው ድርጅት እንደተሳተፉ ይናገራል። ነገር ግን ብዙዎቹ የዕውቅና ማመልከቻ አላስገቡም፤ ሲጠየቁም «እኔ ምንም አልሠራሁም፣ የሚገባኝን ነው ያደረግሁት» ብለው አለፉ። በ1945 የፀደይ ወራት የድል ሰልፍ ሲደረግ በአንዳንድ ቦታ ሴቶቹ እንዳይሰለፉ ተነገራቸው። ከወንዶች ጋር በተራራ አድራ የተመለሰች ልጅ ስሟ ይነሣል የሚል ፍርሃት ነበር። በሌላ በኩል ግን ትግሉ ፍሬ አፍርቷል፤ ሰኔ 2 ቀን 1946 ጣሊያናውያት በአገር አቀፍ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ፤ ሕገ መንግሥት ላረቀቀው ጉባኤ ከተመረጡት 556 ሰዎች መካከል 21ዱ ሴቶች ነበሩ።

የእነዚህን ሴቶች ቃል በሚገባ ለመሰብሰብ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አና ማሪያ ብሩዞኔና ራኬሌ ፋሪና የ12 የፒዬሞንቴ ሴቶችን የትግል ሕይወት ከራሳቸው አንደበት ሰብስበው ያሳተሙት በ1976 ነው። የመጽሐፉ ርእስ ሳይነገር የቀረ ትግል እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአኜዜ ታሪክ በጁሊያኖ ሞንታልዶ አዘጋጅነት ፊልም ሆነ፤ ቲና አንሴልሚ ሚኒስትር ሆነች፤ ቪጋኖም በዚያው ዓመት አረፈች። ልብ ወለዱ ከእነዚህ ሁሉ 27 ዓመት ቀድሞ ነበር። ልብ ወለድ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ መዝገቡ ባዶ በነበረበት ጊዜ አንዲት የልብስ አጣቢ ስም ይዞ የጠበቀው ልብ ወለድ ነው።

ከፒሬኔ ተራሮች እስከ አዲስ አበባ

ሁለተኛው መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፤ አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ሃና በ2015 ያሳተመችው «ዘ ናይቲንጌል»። ቦታው በጀርመን የተያዘች ፈረንሳይ ነው። ሁለት እህትማማቾች አሉ። ታናሿ ኢዛቤል የተመቱ አውሮፕላኖች አብራሪዎችን በፒሬኔ ተራሮች በኩል ወደ ስፔን ታሻግራለች። ታላቋ ቪያን ቤቷ ጀርመናዊ መኮንን ተመድቦበት እያለ የአይሁድ ልጆችን በሐሰት ወረቀት ታስጥላለች። ደራሲዋ ለኢዛቤል መነሻ የሆነቻት እውነተኛ ሴት አንድሬ ደ ዮንግ እንደሆነች በግልጽ ተናግራለች።

አንድሬ ደ ዮንግ ፈረንሳዊት ሳትሆን ቤልጂጋዊት ናት፤ በ1916 በብራስልስ አጠገብ የአስተማሪ ልጅ ሆና ተወለደች። በነሐሴ 1941 አንድ ስኮትላንዳዊ ወታደርና ሁለት ቤልጂጎች አስከትላ ቢልባኦ በሚገኘው የብሪታንያ ቆንስላ ደረሰች። እንግሊዞቹ መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ ይህች ቀጭን ልጅ ከብራስልስ ተነሥታ ያን ሁሉ አገርና ተራራ እንዴት አቋረጠች? ያቋቋመችው መስመር በኋላ ኮሜት ተባለ። እሷ ራሷ ከ100 በላይ ሰዎችን አድርሳለች። በጥር 1943 በድንበሩ አቅራቢያ ባለ የገበሬ ቤት ተያዘች። በምርመራ ላይ መሪዋ እኔ ነኝ ብትል ጀርመኖቹ አላመኗትም። ወጣት ሴት እንዲህ ያለ መስመር ትመራለች ብለው ሊያስቡ አልቻሉም፤ ይህ ንቀታቸው ሕይወቷን አተረፈ። አባቷ ግን በ1944 ተገደሉ። እሷ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ተጋዘች፤ በሕይወት ተመለሰች።

ልብ ወለዱ ከዚህ እውነት ምን ወሰደ፣ ምን ተወ? የወሰደው ብዙ ነው፤ ብርዱን፣ የባስክ መንገድ መሪዎችን፣ ጀርመኖች መሪው ወንድ ነው ብለው ማሰባቸውን። በተለይ ሁለቱን እህቶች አስተያይቶ ከቤት ያልወጣችውን ቪያንንም ታጋይ ማድረጉ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ታሪኩ ከ1995 አሜሪካ ሆኖ በአንዲት አሮጊት መነገሩና ልጇ ስለ እናቱ ያለፈ ሕይወት ምንም አለማወቁም የዚያን ትውልድ ዝምታ በደንብ ያሳያል።

የተወው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮሜት የአንዲት ጀግና ሥራ አልነበረም። ቤታቸውን የከፈቱ፣ ልብስ የሰፉ፣ ወረቀት ያዘጋጁ፣ ምግብ በራሽን በሚገኝበት ጊዜ ለእንግዳ ተጨማሪ ድንች የፈለጉ በርካታ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ተይዘው አልተመለሱም። ልብ ወለድ አንድ ፊት ስለሚፈልግ እነዚህን ከኋላ ያስቀምጣቸዋል፤ በምትካቸው የፍቅር ታሪክ ይገባል። ሁለተኛ፣ ልብ ወለዱ ከማጎሪያው የተመለሰችውን ጀግናውን ብዙ አያቆያትም። እውነተኛዋ ሴት ግን ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ኖራለች፤ የሞተችው በ2007 ነው።

በእነዚያ ዓመታት ምን ሠራች? ነርስ ሆና አፍሪካ ሄደች። በቤልጂግ ኮንጎ፣ በካሜሩን፣ ከዚያም በእኛው አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም በሴኔጋል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ስታስታምም ቆየች። የአዲስ አበባ ሕሙማን ቁስላቸውን የምታጥበው ፈረንጅ ሴት ማን እንደነበረች አውቀው ይሆን? ሽፋኖቹ ላይ የምናያት ሴት በካፖርቷ ድልድዩ ላይ እንደቆመች ትቀራለች። እውነተኛዋ ድልድዩን ተሻግራ፣ ካፖርቱን አውልቃ፣ ፋሻ ስትጠቀልል ኖራለች። ይህ ለልብ ወለድ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ሥራዋ ትርጉም የሚገለጠው በሁለተኛው ነው። ሰው የምታሻግረውም ሰው የምታስታምመውም በአንድ ምክንያት ነው።

የውስጥ አርበኛ

አንዲት የጣሊያን ተማሪ ስታፌታ ምን እንደሆነ ብትነግረኝ ለመተርጎም አልቸገርም። አማርኛ ቃሉን አስቀድሞ ሠርቶታል፤ የውስጥ አርበኛ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጦ ለዱር አርበኞች ስንቅ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚያቀብል ሰው ማለት ነው። ቃሉን ልብ በሉት። ረዳት አላለውም፤ ደጋፊ አላለውም፤ አርበኛ ነው ያለው። የጣሊያን አዋጅ በሦስት ወርና በሦስት ግዳጅ የለየውን፣ የእኛ ሰው በአንድ ስም ጠርቶታል።

ስሙ ግን መዝገብ አይደለም። ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ስንቅና መረጃ ስታቀብል ተይዛ፣ ተሠቃይታ፣ ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት እንደታሰረች እናውቃለን። ከበደች ሥዩም ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደለ በኋላ ጦር እንደመራች እናውቃለን። ከእነሱ ጋር ስንቅ የያዙትስ? የተሸከሙትስ? ቋጠሮውን በነጠላቸው ሥር ያሳለፉትስ?

መዓዛ መንግሥቴ በ2019 «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን ያሳተመችው ወደዚህ ክፍተት ነው። መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ዋና ባለታሪኳ ሂሩት ወላጅ የሌላት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከአባቷ የቀራትን ጠመንጃ ጌታዋ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። መዓዛ ይህን ልብ ወለድ ለዓመታት ስትጽፍ ከቆየች በኋላ የገዛ ቅድመ አያቷ ወደ ጦርነቱ እንደዘመተች ከእናቷ ሰማች። ቅድመ አያቷ የቤቱ የበኩር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ጠመንጃውን ለባሏ ሲሰጠው ተሟግታ አስመልሳ ዘመተች። ደራሲዋ ያን ሁሉ ዓመት በመዝገብና በፎቶግራፍ ስትፈልግ የነበረችው ሴት በቤተሰቧ ውስጥ ነበረች፤ አልተነገረላትም፣ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀም።

ሦስቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚለዩበት ይታየኛል። ቪጋኖ የኖረችውን ጻፈች። ሃና ያጠናችውን ጻፈች። መዓዛ የጠፋውን ፈልጋ ጻፈች። ሦስቱም ልብ ወለድ ናቸው፤ የሚያስከፍሉት ዋጋ ግን ይለያያል። የመጀመሪያዋ አንባቢዋን ለማስደሰት ብላ አኜዜን አላሳመረቻትም። ሁለተኛዋ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ አንባቢዎች በሩን ከፈተች፤ የበሩን ስፋት ያገኘችው ግን ጥቂት እውነት በማጥበብ ነው። ሦስተኛዋ የሂሩት ጠላት ጣሊያን ብቻ እንዳልነበረ፣ ከገዛ ወገኗም በደል እንደደረሰባት ለመጻፍ ደፈረች። ይህ አርበኝነትን አያሳንስም፤ የሴቲቱ ትግል ስንት በር እንደነበረው ያሳያል።

ስታነቡ

እንግዲህ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ስትይዙ የምትጠይቋቸው ጥቂት ጥያቄዎች ቢኖሩ ጥሩ ነው። ሴቲቱ የምትሸከመው ምንድን ነው? ሽጉጥ ብቻ ከሆነ ደራሲው ጦርነቱን ከወንዶች መጽሐፍ ቀድቶ ቀሚስ አልብሶት ሊሆን ይችላል። ዳቦ፣ ወረቀት፣ የሰው ልጅ፣ መድኃኒት ከሆነ ወደ እውነቱ ቀርቧል። ማን ይመግባታል፣ የት ታድራለች፣ በሩን የከፈተላት ሰው ስም አለው ወይ? ከጦርነቱ በኋላ ምን ሆነች? መጽሐፉ መቼ ተጻፈ፣ የጻፈውስ የኖረ ነው የሰማ ወይስ ያጠና? በመጨረሻም፣ ካነበባችሁ በኋላ የእውነተኛዋን ሴት ስም ፈልጉ። ኢዛቤልን የሚያውቅ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ አንድሬ ደ ዮንግን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ከእኛ መካከል አዲስ አበባ እንደኖረች የሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

በጣሊያን ብሩዞኔና ፋሪና በሴቶቹ ቤት ተቀምጠው ሲያዳምጡ ጦርነቱ ካበቃ ገና 30 ዓመት ገደማ ነበር፤ ባለታሪኮቹ በሕይወት ነበሩ። የእኛዎቹ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ1928 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት ዛሬ ብትኖር ከመቶ ዓመት በላይ ናት። የሰሙት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ግን አሉ፤ በዋሽንግተን፣ በሮም፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ፣ ምናልባትም በእናንተው ቤት። ስልክ ስትደውሉ «አያትሽ አርበኛ ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ኧረ የለም፣ ቤታቸው ነበሩ» ትባላላችሁ፤ ወሬውም ያበቃል። «በጣሊያን ጊዜ ቤት ውስጥ ለማን ነበር የሚጋገረው? ሌሊት የሚመጣ ሰው ነበር? ማን አደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉና አድምጡ፤ የሚነገራችሁንም ጻፉት።